ሳያመን ልባችንን መመርመር፤ ጥቅሙና ጣጣው

(ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ፣ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር። በንግግሩ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



  የዛሬው ንግግር ስለ ልብ ምርመራ ነው። ርእሱን የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። ወደ ማኅበሩ ቢሮ ከሚመጡት አዲስ ገቢዎች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው፣ «ምንም አላመመኝም፤ ነገር ግን በዚህ አገር ማሽኑ ሁሉ አለ፤ ልቤን አንድ ጊዜ በደንብ ቢያዩልኝ ምን ይጎዳኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ኩፓት ሆሊም ለደም ምርመራ ነዪ እያለ ወረቀት ይልክብኛል፤ ሳያመኝ ደሜን ለምን እሰጣለሁ?» የሚል ነው።

አንዱ ጠያቂ ምርመራ ቢበዛለት ይወዳል፤ ሌላው ጭራሹን ይሸሻል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚፈልጉት መልስ አንድ ነው። ይኸውም ሳይታመሙ መመርመር ለማን ይጠቅማል፣ ለማንስ ትርፉ ጣጣ ይሆናል የሚለው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርሁት መምህርነት ነው። የማቀርብላችሁ በጥናት የታወቀውንና ከሕክምና ባለሙያዎች የተማርነውን በገዛ ቋንቋችን አቅልዬ ነው። በእያንዳንዳችሁ ጉዳይ የምትወስኑት እናንተና ሐኪማችሁ ናችሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ለይተን እናስቀምጥ። ዛሬ የምንነጋገረው ምንም ስለማያመው ሰው ነው። ደረቱን የሚጨመድደው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ፣ ወደ ትከሻው ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያሰምጠው፣ ራሱን የሚስት ሰው ስለ ጥቅምና ጉዳት አይመዝንም፤ ወዲያው 101 ደውሎ አምቡላንስ ይጠራል። ሴቶች ላይ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ደረት ሳይሆን የማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠርና ከባድ ድካም ሆኖ ይመጣል። «እስኪነጋ ልታገሥ» አይባልም። ሰንበት ቢሆንም ስልክ ይደወላል፤ ሕይወትን ማዳን ሰንበትን ይሽራል።

አሁን ወደ ጤነኛው ሰው እንመለስ።

ምርመራ እንደ ወንፊት

ጤነኛ መስሎ ከሚታየው ሕዝብ መካከል ሳያውቅ የታመመውን ለመለየት የሚደረግ ምርመራ የማጣሪያ ምርመራ ይባላል። ማጣሪያ ማለት ወንፊት ነው። እናቶች እንደምታውቁት፣ የወንፊቱ ዓይን ከሰፋ ገለባው ከዱቄቱ ጋር አብሮ ያልፋል፤ ዓይኑ እጅግ ከጠበበ ደግሞ መልካሙ ዱቄት ከገለባው ጋር ይቀራል። የሕክምና ማሽንም እንዲሁ ነው። አንዳንዱን በሽተኛ «ጤነኛ ነህ» ብሎ ያሳልፋል፤ አንዳንዱን ጤነኛ «ሳትታመም አትቀርም» ብሎ ያስቀራል። የማይሳሳት ወንፊት እስከ ዛሬ አልተሠራም።

እንደ ትምህርት ቤት የሒሳብ ጥያቄ አድርገን እንየው። ቁጥሩን ለምሳሌ ብቻ ያዙት። ምንም የማያማቸው 1000 ሰዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱ መካከል የልብ በሽታ በድብቅ ያለባቸው 10 ናቸው። ማሽኑ ከ10 በሽተኞች 9ኙን ያገኛል፤ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 10ሩን በስሕተት በሽተኛ ይላል። እንግዲህ 9 ሰዎች በእውነት ተገኙ። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 99ኙ «ውጤትህ ጥሩ አይደለም፤ ተመለስ» ተባሉ። የተጠሩት በጠቅላላው 108 ናቸው፤ ከ12 ተጠሪዎች በእውነት የታመመው አንዱ ብቻ ነው። ማሽኑ ከ10 በሽተኞች 9ኙን ማግኘቱ ሲነገር መልካም ይመስላል፤ ሆኖም በሽታው በማይበዛበት ሕዝብ ላይ ሲዘረጋ የሚያስደነግጠው ከሚያድነው ይበዛል።

በአንጻሩ ያንኑ ማሽን ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ስኳር ያለባቸውና ሲጋራ የሚያጨሱ 1000 ሰዎች ላይ ብናደርገው፣ በሽተኛው ብዙ ስለሆነ ጥሪውም አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ይሆናል። ስለዚህ ምርመራው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከደወሉ በኋላ የሚመጣው

«ቢሳሳትስ ምን ይጎዳል? ደግሞ ይመረመራል» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

አካጌ የሚባለው፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈው ምርመራ፣ በራሱ አያምም፣ ጨረርም የለውም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ አጠራጣሪ መስመር ከታየ ወደ ኤርጎሜትርያ ይላካል፤ እርሱም በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ እያራመዱ ወይም እያስሮጡ የሚያደርጉት ነው። እርሱም ካልጠራ ሚፑይ ሌቭ ወደሚባለው ይላካል፤ በዚህ ጊዜ ጨረር ያለው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። ጨረር በሚለካበት ሚሊሲቨርት በተባለው መለኪያ፣ ሰው ከመሬትና ከሰማይ በተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው ከ2 እስከ 3 ያህል ነው። ሚፑይ በአንድ ጊዜ ወደ 10 ሊደርስ ይችላል። በልብ የደም ሥሮች ውስጥ የረጋውን ካልሲየም የሚቆጥረው የሲቲ ፎቶ ግን ወደ 1 ያህል ነው። ከሚፑይ ቀጥሎ ጺንቱር አለ፤ ቀጭን ቱቦ በእጅ ወይም በጭን የደም ሥር አስገብተው እስከ ልብ ይደርሳሉ። ብርቱ ችግር የሚገጥመው ከ100 ሰዎች ከአንዱ ያነሰ ቢሆንም፣ ደም መፍሰስ፣ የልብ ድካም፣ በአንጎል ውስጥ የደም ሥር መዘጋትና አልፎ አልፎም ሞት ሊያስከትል ይችላል።

ልቡን የሚያመው ሰው ይህን ስጋት ቢቀበል ትርፉ ከስጋቱ ስለሚበልጥ ነው። ጺንቱር የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል፤ ሐኪም ካዘዘው ልንሸሸው አይገባም። ጤነኛው ሰው ግን የሚቀበለው ስጋቱን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ለየቀጠሮው የሚቀረውን የሥራ ቀን፣ ደመወዙን፣ ሌሊት የሚያጣውን እንቅልፍ ጨምሩበት። ገና ሥራ ለያዘ አዲስ ገቢ ሦስት ቀን ከሥራ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም።

ጥናቱ ምን ይላል?

ይህን ጉዳይ ብዙ አገሮች መዝነውታል። በአሜሪካ ስለ መከላከያ ምርመራ ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ጉባኤ በ2012 ዓ.ም. ከዚያም በ2018 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፣ የልብ በሽታ ስጋቱ ዝቅተኛ ለሆነና ምንም ምልክት ለሌለው ሰው አካጌ ማድረግ አይመከርም። ምክንያቱም ጉዳቱ ከጥቅሙ ያላነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

በዴንማርክ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 የሆኑ ከ46,000 በላይ ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱን ክፍል የልብን የሲቲ ፎቶ፣ የደም ግፊትና የደም ምርመራ ለማድረግ ጠሩ፤ ሌላውን እንደ ወትሮው ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ተዉት። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትለው ውጤቱን በ2022 ዓ.ም. አወጡ። ከተጠሩት ክፍል ከ100 ሰዎች ወደ 12.6፣ ካልተጠሩት ወደ 13.1 ሞቱ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው።

እዚሁ እስራኤል ውስጥም በዚህ ነገር ላይ የታወቀ ታሪክ አለ። ልጆቻችሁ ኳስ ሊጫወቱ ወይም ሊሮጡ ወደ ክበብ ሲገቡ የጤና ወረቀት ይጠየቃሉ። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ሕግ ተወዳዳሪ ስፖርተኞች እንዲመረመሩ አዘዘ፤ የአካጌና የኤርጎሜትርያው ግዴታ በሥራ ላይ የዋለው በ1997 ዓ.ም. ነው። በቴል አቪቭ ያሉ ሐኪሞች ከ1985 እስከ 2009 ዓ.ም. በጋዜጣ የተዘገቡትን ስፖርት ላይ እያሉ ልባቸው በድንገት የቆመባቸውን ሰዎች ቆጠሩ። ከግዴታው በፊት በነበሩት 12 ዓመታት 11፣ ከግዴታው በኋላ በነበሩት 12 ዓመታት 13 ሆኑ። ጥናቱ በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። ከጣሊያን በ2006 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ደግሞ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር ግዴታው ከመጣ በኋላ የስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት ከ10 ዘጠኝ ያህል እጅ ቀነሰ ይላል። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ የተጠየቀውን ወረቀት ያቅርብ፤ ወላጅ ግን ወረቀቱን እንደ ዋስትና አይቁጠረው። ልጅ ሲሮጥ ራሱን ከሳተ፣ ወይም ሲሮጥ ደረቱን ካመመው፣ የዓምና ወረቀት ይዞ መከራከር ሳይሆን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው።

በዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። በጥቁር ስፖርተኞች አካጌ ላይ፣ ልባቸው ጤናማ ሆኖ ሳለ፣ በነጮች ዘንድ እንደ በሽታ ምልክት የሚቆጠር መስመር ይበልጥ እንደሚታይ በጥናት ታውቋል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ የስፖርተኛ አካጌ አነባበብ መመሪያ ይህን በግልጽ አስገብቶታል። ስለዚህ ልጃችሁ «አካጌው አላማረኝም» ቢባል አትደንግጡ፤ የስፖርተኞችን ልብ የሚያውቅ ካርዲዮሎግ ወረቀቱን እንዲያይላችሁ ጠይቁ።

ለእኛ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

እስካሁን ስለ ጣጣው ተናገርሁ። አሁን ስለ ጥቅሙ ልናገር፤ ዋናው መልእክቴም ይህ ነው። ለልባችን ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያና ጥቂት ሲሲ የደም ምርመራ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ካገኘም መድኃኒትና ምክር አለው።

ከኢትዮጵያ የመጣው ወገናችን በዚህ አገር ያሳለፈው ታሪክ ይህን ያስተምረናል። በሙሴ ዘመቻና በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ1984 እና በ1991 ዓ.ም. የመጡትን የተከታተሉ ሐኪሞች፣ አብዛኛው ሰው ሲመጣ ቀጭንና ግፊቱ ዝቅተኛ እንደ ነበር፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ክብደቱም ግፊቱም ከፍ እያለ እንደ ሄደ ጽፈዋል። የስኳር በሽታም እንዲሁ በዛ። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስኳር የሚይዛቸው ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ ዕድሜና ባነሰ ክብደት ጭምር መሆኑ ተረጋግጧል። እንግዲህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር የወፍራም ሰው ነው» ማለት እኛን አያዋጣም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። አገር ቤት ውኃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመውጣት፣ ከብት ለመጠበቅ በእግር ይኬድ ነበር፤ እዚህ አውቶቡስና ባቡር አለ። አገር ቤት ጣፋጭ መጠጥ የበዓል ነገር ነበር፤ እዚህ ሁለት ሊትሩ ጠርሙስ በየምሳው ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። ወጡ ላይ ጨው ከገባ በኋላ የሾርባ ዱቄት ይጨመራል፤ እርሱም ራሱ ብዙ ጨው አለው። የደም ግፊትም ስኳርም ለብዙ ዓመት ሳያሙ ይቆያሉ። ሰውየው ጤነኛ ነኝ እያለ የደም ሥሩ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። አንድ ቀን ልቡን ወይም አንጎሉን ሲመታው «ትናንት ደኅና ነበረ» ይባላል። ትናንት ግን ደኅና አልነበረም፤ የለካው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ዕድሜው 40 የሞላው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱን ይለካ። ከዚያ በታች ያለውም በየጥቂት ዓመቱ ይለካ፤ ወላጆቹ ግፊት ካለባቸው ቶሎ ቶሎ ይለካ። ስለ ስኳርና ስለ ኮሌስትሮል፣ መቼ መጀመርና በየስንት ጊዜው መደጋገም እንዳለበት የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ «እኔ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነኝ፤ በእኛ ዘንድ ስኳር ቀደም ብሎ ይመጣል» ብላችሁ ንገሩት።

ይህም ወንፊት ቢሆን ይሳሳታል። ደረጃ ወጥቶ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሮጦ፣ ሐኪም ፈርቶ የተቀመጠ ሰው ግፊቱ ከፍ ይላል። አንድ ጊዜ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ መጣ ማለት የዕድሜ ልክ በሽተኛ ሆኑ ማለት አይደለም። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ሳይነጋገሩ፣ በሌላ ቀንም መደጋገም ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ መለካት ወይም ለአንድ ቀን የሚታሰር መለኪያ መጠየቅም ይቻላል። ከፍ ብሎ ከጸና ግን መድኃኒቱን መጀመርና ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። «አሁን ተሽሎኛል» ብሎ መተው አይቻልም፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነውና። ለስግድ፣ ለዮም ኪፑር ወይም ለሌላ ጾም የምትጾሙ ሰዎች መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

የካልሲየም ሲቲውስ ለማንም አይጠቅምም ወይ የሚል ይኖራል። ስጋቱ መካከለኛ ለሆነና የኮሌስትሮል መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልቆይ እያለ ለሚያመነታ ሰው፣ ከሐኪሙ ጋር ለመወሰን ሊረዳው ይችላል። ሰከር መናሃሊም ተብሎ በግል የሚሸጠውን የምርመራ ጥቅል ግን ለጤነኛ ወላጅ «ስጦታ» ብሎ ተበድሮ መግዛት አያስፈልግም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሄዴት ወይም ለኡሚት ከተባሉት ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ ይመዘገባል፤ በጤና መምራት የሚገባው ምርመራም በዚያ በኩል ይገኛል።

ከአገር ቤት ይዘነው የምንመጣው የልብ በሽታ

በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረገው ጥናት ሁሉ የማይመለከተው አንድ በሽታ አለ። እርሱም በልጅነት ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ልጁ በባክቴርያ ምክንያት ጉሮሮው ይቆስላል፤ በወቅቱ ካልታከመ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቱና ክርኑ ያብጣል፤ ከዚያም ሕመሙ የጠፋ ይመስላል። ቫልቩ ግን ቀስ በቀስ ይደድራል። ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዷም ሴት ላይ ስታረግዝ፣ ትንፋሽ በማሳጠር ነው።

በሽታው በኢትዮጵያ ዛሬም የብዙ ወጣቶችን ልብ ይጎዳል። በሆሎን ከተማ በቮልፍሶን ሆስፒታል የሚሠራውና ከድኻ አገሮች የሚመጡ ልጆችን ልብ የሚያክመው ድርጅት በ1995 ዓ.ም. በዶክተር አሚ ኮኸን ሲመሠረት፣ በመጀመሪያ ያከማቸው ልጆች ከኢትዮጵያ የመጡ ነበሩ።

ለዚህ በሽታ የማጣሪያ ምርመራ ሚዛኑ ወደ ጥቅም ያዘነብላል። በኡጋንዳ ምንም ምልክት የሌላቸውን ልጆች በልብ አልትራሳውንድ፣ እዚህ ኤኮ በሚባለው፣ መርምረው ቫልቫቸው መጎዳት የጀመረውን 818 ልጆች ለዩ። ለግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሰጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌ ካልወሰዱት ከ100 ልጆች 8 ያህሉ በሽታው ባሰባቸው፤ ከወሰዱት ግን ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም። በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ የታተመው ይህ ጥናት ኤኮ ለማን እንደሚገባ ያሳያል።

ስለዚህ በልጅነቱ መገጣጠሚያው ያበጠ፣ አገር ቤት «ልብህ ላይ ድምፅ አለ» የተባለ፣ በየወሩ መርፌ ይወጋ የነበረ፣ ወይም በኢየሩሳሌም ዳገት ላይ እኩዮቹ ሲሄዱ እርሱ ቆሞ የሚያርፍ ሰው ቢኖር፣ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ኤኮ እንደሚያስፈልገውም ይጠይቅ። እርጉዝ ከሆነች ወይም ልታረግዝ ካሰበች ደግሞ ነገ ዛሬ አትበል። መርፌውን አገር ቤት ጀምሮ እዚህ ሲመጣ ያቋረጠ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይይ። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰው መድኃኒቱ እንጥል ማስቆረጥ አይደለም፤ ከጉሮሮው በጥጥ ናሙና ይወሰድለታል፤ ባክቴርያ ከተገኘበትም መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን ይጨርስ።

ቃላችን ወደ ማሽን እንዳይወስደን

በአማርኛ «ልቤን አመመኝ» ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ነው። ከሆድ በላይ የሚያቃጥለን የጨጓራ ሕመም «ልቤን» ይባላል። አገር ቤት የቀረችው እናት ናፍቆት «ልቤን በላኝ» ይባላል። ይህን የ12 ዓመት ልጅ ተቀብሎ በዕብራይስጥ «ልቧን ያማታል» ሲል፣ ሐኪሙ አካጌና ሚዮን ያዛል። ሐኪሙ አላጠፋም፤ የሰማውን ነው ያከመው። በሌላ በኩል እውነተኛ የልብ ሕመም «ጭንቀት ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ በጣታችሁ ቦታውን አሳዩ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ዳገት ስትወጡ ወይስ ተቀምጣችሁ እንደሚመጣ፣ ከምግብ በኋላ ይሁን በባዶ ሆድ ተናገሩ። ናፍቆትና ሐዘን ከሆነም ያንኑ ተናገሩ፤ አያሳፍርም፣ ለእርሱም እርዳታ አለው።

ልጅ የወላጁ አስተርጓሚ አይሁን። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት በቋንቋና በባህል ለታካሚው የሚመች አገልግሎት እንዲያዘጋጁ አዟል። ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ ተርጓሚ ያስፈልገኛል» በሉ፤ ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

ሌላው ስለ ዘመድ አሟሟት ነው። ሐኪሙ «በቤተሰብህ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ «የለም» እንላለን፤ አጎታችን በ30 ዓመቱ እርሻ ላይ ወድቆ ሲቀር «መጋኛ መታው» ተብሎ ተቀብሯልና። መጋኛም ይባል ሌላ፣ በድንገት የወደቀ ወጣት ዘመድ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። በቤተሰብ የሚተላለፍ የልብ በሽታ አለና፣ ያኔ አካጌና ኤኮ ማድረግ ትርፍ ነገር አይሆንም። ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት የመጣ ሰው ቀድሞውኑ ከዚያ ከ1000 ጤነኛ ጋር አይቆጠርም።

ስለ ደም መስጠትም ጥቂት ልበል። በጥር ወር 1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተወላጆች የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ሲገለጥ፣ በዚያው ወር ብዙ ሺህ ወገኖቻችን እዚሁ ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ተሰልፈው ጮኸዋል። ያ ቁስል እውነተኛ ነው፤ ቀደም ብለው የመጡት ዘመዶቻችሁ ቢነግሯችሁ አያጋንኑም። ነገር ግን ለምርመራ የምትሰጡት ደም ለሌላ ሰው የሚሰጥ አይደለም። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው ስማችሁ ነው፤ ውጤቱም የእናንተ ነው፤ ወረቀቱን የመቀበልና የማስተርጎም መብት አላችሁ። በዚያ ሐዘን ምክንያት ስኳራችንን ሳንለካ ብንቀር የምንጎዳው እኛው ነን።

ከመመርመራችሁ በፊት የምትጠይቁት

ሐኪም ወይም ሌላ ሰው ምርመራ ሲያቀርብላችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ይህ ምርመራ የታዘዘልኝ ምልክት ስላለብኝ ነው ወይስ እንዲሁ ለማጣራት?

ሁለተኛ፣ ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን ይደረግልኛል? ጥሩ ቢሆንስ ምን ይለወጣል? በዕብራይስጥ «ማ ይሽታኔ አሐሬ ሀብዲካ?» በሉ፤ ከምርመራው በኋላ ምን ይለወጣል ማለት ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ ምርመራው ሊቆይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጨረር ወይም ሌላ ጉዳት አለው? ስሕተት ቢያሳይ ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ምንድን ነው?

አራተኛ፣ ኩፓት ሆሊም ይከፍላል ወይስ እኔ? ሃፍናያ ወይም ቶፌስ 17 ያስፈልገዋል?

እነዚህን መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። ጥሩ ሐኪም ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ አገር ቤት እንደለመድነው ዝም ብሎ አንገት መድፋት እዚህ አክብሮት ሳይሆን «ገብቶታል» ተብሎ ይተረጎማል።

ወገኖቼ፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ትልቁን ማሽን ከመመኘታችሁ በፊት ትንሹን መለኪያ አትናቁ። በዚህ ሳምንት በኩፓት ሆሊማችሁ ወዳለችው ነርስ ሂዱና ግፊታችሁን አስለኩ። ከአገር ቤት የመጣ የመድኃኒት ብልቃጥ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀምጣችሁ፣ በድንገት የሞቱትን፣ ግፊትና ስኳር የነበረባቸውን ዘመዶች ከነዕድሜያቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያ ወረቀት ለሐኪማችሁ ከብዙ ፎቶ ይበልጥ ይነግረዋል። ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግረው ሰው ቢኖር ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይምጣ፤ ወረቀቱን አብረን እንጽፋለን፤ ቀጠሮውንም አብረን እንይዛለን።